አሥር ከተማ በ16 ሌሊት? ባቡሩን ለከተማ፣ መኪናውን ለገጠር

ጥያቄ፦ «እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን (8 እና 11 ዓመት) የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አራታችንም የአሜሪካ ፓስፖርት አለን። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ 67 ዓመቷ ነው፣ የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ሮም ላይ ተገናኝተን አብረን አውሮፓን ልናይ አስበናል። ከኦገስት 9 ጀምሮ 16 ሌሊት አለን። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ፣ ዙሪክ፣ ሙኒክ፣ አምስተርዳም፣ ብራስልስ፣ ፓሪስና ለንደን ብለን ጽፈናል። ሮም ላይ ትልቅ መኪና ተከራይተን ፓሪስ ላይ ብንመልሰው ይሻላል ወይስ በባቡር? የባቡር ፓስ የሚሉትስ ያዋጣል?»

መልስ፦ ሁለቱም ያስፈልጓችኋል። ባቡሩ ከከተማ ከተማ፣ መኪናው ደግሞ መሀል ላይ ለአራት ሌሊት፣ ባቡር በማይደርስበት ገጠር ብቻ። ከሮም እስከ ፓሪስ በአንድ መኪና የሚለውን ግን ከአሁኑ ተዉት። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ፤ አስቀድመን ዝርዝሩን እናሳጥረው።

በጉዞ ወኪልነቴ የሚደርሱኝ አብዛኞቹ ዕቅዶች እንደዚህ ናቸው። ካርታው ላይ ሁሉም ቅርብ ይመስላል። እውነትም ቅርብ ነው፤ ከሮም ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቀኑን የሚበላው ግን ባቡሩ ላይ የምትቀመጡበት ሰዓት አይደለም። ሻንጣ መክተቱ፣ ልጆቹን መቀስቀሱ፣ ሆቴል ሒሳብ መዝጋቱ፣ ጣቢያ ደርሶ መጠበቁ ነው። አዲሱ ሆቴል ስትደርሱ ደግሞ ክፍሉ ገና አልተጸዳም። አምስት ሰው ይዞ ከተማ መቀየር ግማሽ ቀን ይወስዳል። አሥር ከተማ ማለት ዘጠኝ ጊዜ መነሳት ነው። ከ16ቱ ቀን አራት ተኩሉ በሻንጣ ጉተታ አለቀ ማለት ነው፤ ያውም ሁሉም ነገር ከተሳካ።

ስለዚህ ሙኒክ፣ አምስተርዳምና ብራስልስ ይውጡ። ለሌላ ጊዜ የሚሆን ጥሩ ጉዞ ናቸው። ቬኒስም ይውጣ። ከተማዋ ድልድይ በድልድይ ናት፣ ድልድዮቹ ደግሞ ደረጃ አላቸው። በጁላይና በኦገስት ሙቀት አምስት ሻንጣ ተሸክሞ ያን ደረጃ መውጣት መውረድ ለማንም አልመኝም።

ለንደን የሚወጣው ግን በሌላ ምክንያት ነው። እንግሊዝ ሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች ስምምነት፣ ውስጥ የለችም። እናትዎ የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ማውጣት ይኖርባቸዋል። እናንተም የአሜሪካ ፓስፖርት ይዛችሁ ቢሆን ኢቲኤ የተባለውን የኢንተርኔት ፈቃድ አስቀድማችሁ መሙላት አለባችሁ። ዋናው ጣጣ ግን ይኼ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ፣ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዙ እናት ከፓሪስ ለንደን ደርሰው ልመለስ ቢሉ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። የሁለት ሰዓት ከሩብ የባቡር መንገድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይኼን አያስበውም።

አሁን ቀኑን እንመልከት። ኦገስት 9 የመረጣችሁት በልጆቹ ትምህርት ቤት ምክንያት እንደሆነ እገምታለሁ። ግን ሁለት ነገር ይጋጭባችኋል። ኦገስት 15 ጣሊያን «ፌራጎስቶ» የሚሉት ትልቅ በዓል ነው፤ አገሩ በሙሉ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፣ የፍጥነት መንገዱ ይጨናነቃል፣ ከተማ ውስጥ የሰፈሩ ምግብ ቤት ይዘጋል። በማግስቱ፣ ኦገስት 16፣ ከፍሎረንስ በስተደቡብ ባለችው ሲየና ላይ የፓሊዮ ፈረስ ውድድር አለ። በዚያ ሰሞን አካባቢው ላይ አልጋ ማግኘት ፈተና ነው፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም።

ሁለተኛው የእናትዎ ነገር ነው። የሚጾሙ ከሆነ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ጉዞው ከሞላ ጎደል ሙሉውን ጾም ላይ ይወድቃል። ሰኔ እናድርገው ብትሉ ደግሞ የሐዋርያት ጾም አለ። እሱ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 12። እንግዲህ ከጁላይ 13 እስከ ኦገስት 6 ያለው ነው ነፃ የሆነው፣ ረቡዕና ዓርብ ሲቀር። በዚያ ላይ ሲየና በጁላይ 2 የምታደርገው ሌላው የፓሊዮ ውድድር አልፏል፣ ፌራጎስቶ ገና ነው። ከጁላይ 15 እስከ 31 ቢሆን እመርጣለሁ። ሙቀቱ ያው ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ግን እንዳትይዙ። ጣሊያን ውስጥ «አሪያ ኮንዲዚዮናታ» የሚል ካልተጻፈ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ዕቅዱን እንደዚህ ብናደርገውስ? ሮም አራት ሌሊት። ፍሎረንስ ሁለት። ከዚያ መኪና ይዛችሁ ከሲየና በስተደቡብ ቫል ዶርቻ የሚባለው የቶስካና ገጠር አራት ሌሊት። መኪናውን ፍሎረንስ መልሳችሁ በባቡር ሚላኖ አንድ ሌሊት። ቀጥሎ በተራራው ባቡር ወደ ስዊዘርላንድ፣ ሁለት ሌሊት። ከዙሪክ ፓሪስ በባቡር፣ ሦስት ሌሊት። 16 ሞላ። በረራችሁን «ሮም ገብቶ ከፓሪስ መውጣት» ብላችሁ ግዙት። ሁለት የአንድ መንገድ ትኬት ለየብቻ ሳይሆን በአንድ ትኬት፣ መግቢያና መውጫው የተለያየ ሆኖ ማለቴ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዋጋ ከተራው ደርሶ መልስ ብዙም አይርቅም፤ ወደ ሮም ከመመለስም ያድናችኋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሮምም ፓሪስም ስለሚበር ለእናትዎ በዚያው መንገድ ይሆናል።

መኪናው ለምን ከሮም እስከ ፓሪስ አይሆንም? አንደኛ፣ በአንድ አገር ተከራይቶ ሌላ አገር መመለስ ኪስ ያራቁታል። አከራዩ መኪናውን ወደ ጣሊያን የሚያመጣ ሰው መቅጠር አለበትና ያን ሒሳብ በእናንተ ላይ ይጥላል፤ ብዙ ጊዜ ይኼ ጭማሪ ከኪራዩ ራሱ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በስዊዘርላንድ የፍጥነት መንገድ ብታልፉ 40 ፍራንክ የሚከፈልበት የዓመት ተለጣፊ ግዴታ ነው፤ ለአንድ ቀንም ብትነዱ ያው የዓመቱ ነው። ጣሊያንን ከፈረንሳይ በሚያገናኘው የሞን ብላን ዋሻ እንሂድ ካላችሁ ዋሻው ብቻ ለአንድ መንገድ ከ50 ዩሮ በላይ ያስከፍላል። በዚያ ላይ የጣሊያንና የፈረንሳይ የፍጥነት መንገድ ክፍያ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ሚላኖና ፓሪስ ውስጥ መኪና ሸክም ነው። ቆሞ ይውላል፣ ለቆመበት ትከፍላላችሁ።

ሮም ላይ ብዙ አልልም፤ ስለሷ የተጻፈው ሞልቷል። ሆቴሉን ከቴርሚኒ ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ ያዙ፤ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስለ ሻንጣው ታመሰግኑኛላችሁ። ከጣቢያው ስትወጡ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ነው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም እዚያው አጠገብ አለ። አላፊ አግዳሚው አያውቀውም፤ እናትዎ ግን ቆም ብለው ለልጆቹ የሚያወሩት አያጡም። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረው አደባባይም ቺርኮ ማሲሞ ጥግ ላይ፣ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 አገሩ ገብቶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ።

ወደ ባቡሩ እንምጣ። ጣሊያን ውስጥ ፈጣን ባቡር የሚያስኬዱ ሁለት ተፎካካሪዎች አሉ፤ የመንግሥቱ ትሬንኢታሊያ (ባቡሩ ፍሬቻሮሳ ይባላል) እና የግሉ ኢታሎ። ሁለቱንም አወዳድሩ። ዋጋው እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው፤ ቀድሞ የገዛ ይረክሳል፣ የመጨረሻ ቀን የሄደ ይገረፋል። ርካሹ ትኬት ግን አይቀየርም፣ አይመለስም፤ ባቡሩ ካመለጠ ገንዘቡም አብሮ አመለጠ። ለእናንተ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ትሬንኢታሊያ ከሁለት እስከ አምስት ሆነው ለሚጓዙ ቤተሰቦች ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ የሚሄድበት «ቢምቢ ግራቲስ» የሚባል ቅናሽ አለው። አዋቂዎቹ ሙሉውን «ባዜ» ዋጋ ይከፍላሉ። ወንበሩ የተወሰነ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ከርካሹ ትኬት ጋር ደምራችሁ አስተያዩት፤ አንዳንዴ ይኼኛው፣ አንዳንዴ ያኛው ይሻላል።

ስትገዙ የጣቢያውን ስም ልብ በሉ። ፍሎረንስ በጣሊያንኛ «ፊሬንዜ» ነው፤ መሀል ከተማ ያለው ጣቢያ «ሳንታ ማሪያ ኖቬላ» ነው፣ ትኬት ላይ በምሕጻር ይጻፋል። «ሪፍሬዲ» ወይም «ካምፖ ዲ ማርቴ» ካለ ሌላ ጣቢያ ነው። ሚላኖ ላይ «ቼንትራሌ» የሚለውን ምረጡ። ሰዓቱ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 14፡10 የሚለው ለእናትዎ ከቀኑ 8፡10 ነው። ይኼን ካሁኑ ካልተነጋገራችሁ ጣቢያ ላይ መጠፋፋት ይመጣል።

ቴርሚኒ ላይ ወደ ባቡሮቹ የሚያስገባው በር ትኬት ይጠይቃል። ባቡሩ የሚቆምበት ቁጥር ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቀድሞ መሮጥ አያስፈልግም፤ ሰሌዳው ሥር ቁሙና ቁጥሩ ሲወጣ ተንቀሳቀሱ። ትኬት ማሽኑ አጠገብ «ልርዳችሁ» የሚል ደግ ሰው ከመጣ በትሕትና አሰናብቱት። ሻንጣችሁን አንስቶ ወንበራችሁ ድረስ ካደረሰ በኋላ ገንዘብ የሚጠይቅም አለ።

ፓሱን በተመለከተ፣ ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው የሚሸጠው ዩሬይል ይባላል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነፃ ስለሚሄዱ መጀመሪያ ሲያዩት ያጓጓል። ሆኖም በጣሊያንና በፈረንሳይ ፈጣን ባቡሮች ላይ ፓስ ይዛችሁም ቢሆን ለወንበር ማስያዣ እንደገና ትከፍላላችሁ፤ ልጆቹም ወንበር ይፈልጋሉ። ኢታሎ ደግሞ ፓሱን አይቀበልም። ፓስ የሚያዋጣው ቀኑን ቆርጦ መናገር ለማይፈልግ፣ እንደ ልቡ ለሚዞር ወጣት ነው። እናንተ ሆቴል የያዛችሁበትን ቀን ታውቃላችሁ። ትኬቱን ለየብቻ ግዙ።

አንድ የማይቀር ነገር የሥራ ማቆም አድማ ነው። ጣሊያኖች «ሾፔሮ» ይሉታል። ሳይነገር አይመጣም፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወጃል። በአድማ ቀንም በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓትና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የክልል ባቡሮች እንዲሠሩ ሕጉ ያስገድዳል። የረጅም መንገድ ባቡሮችም የማይሰረዙት ተለይተው ይታወቃሉ። ከመነሳታችሁ ሳምንት በፊት አንዴ አረጋግጡ፤ ከዚያ በላይ አትጨነቁ።

አሁን መኪናው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ገንዘብ የሚፈስሰው እዚህ ነውና።

የምትረከቡት ፍሎረንስ መሀል ሳይሆን ኤርፖርቱ አካባቢ ይሁን፤ ፔሬቶላ ይባላል። ቲ2 የተባለው ትራም ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ተነስቶ ኤርፖርቱ ድረስ ይወስዳል። እዚያ ስትረከቡ የፍጥነት መንገዱ ቅርብ ነው፤ ከተማ ውስጥ መግባት የለም። መሀል ከተማ ያሉት ቢሮዎች ለምሳ ይዘጋሉ፣ እሁድ ብዙዎቹ አይከፍቱም። ከዚያ በላይ ደግሞ ዙሪያቸው ዜድ-ቲ-ኤል ነው።

ዜድ-ቲ-ኤል ምንድን ነው? የከተማው አሮጌ ክፍል ውስጥ ፈቃድ የሌለው መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ክልል ነው። ምልክቱ ቀይ ክብ፣ ውስጡ ነጭ። ጎኑ በኤሌክትሪክ ፊደል «ቫርኮ አቲቮ» ካለ ካሜራው እየሠራ ነው፤ አትግቡ። «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ካለ ማለፍ ይቻላል። ፍሎረንስ፣ ሲየና፣ ሉካ፣ ፒሳ ሁሉም አላቸው። ፖሊስ አያስቆማችሁም፣ መብራት አይበራም። ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፣ እናንተ ደስ ብሏችሁ ታልፋላችሁ። ሜሪላንድ ከተመለሳችሁ በኋላ ግን መጀመሪያ አከራዩ ስማችሁን ለፖሊስ ስላሳወቀ ብቻ ከክሬዲት ካርዳችሁ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል። ይኼ ቅጣቱ አይደለም። ቅጣቱ ለብቻው፣ አንዳንዴ ዓመት ሊሞላ ሲል በፖስታ ይመጣል። በሦስት የተለያየ ቀን ገብታችሁ ከሆነ ሦስት ቅጣት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ በዚያ በኩል ግቡ ቢላችሁ እንኳ ከምልክቱ ጋር አትከራከሩ። ሲየና ስትሄዱ ሳንታ ካተሪና ፓርኪንግ አቁሙ፤ ከዚያ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ሽቅብ ወደ ከተማው ያወጣል። ለእናትዎ ጉልበትም ይሻላል።

መንጃ ፈቃድ። በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ጣሊያን ውስጥ ለመንዳት ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ አብሮ መያዝ ግዴታ ነው። አከራዩ ላይጠይቅ ይችላል፤ ፖሊስ ካስቆማችሁ ግን ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ቢሮ ሄዳችሁ በፎቶና በ20 ዶላር ትወስዳላችሁ። ከሄዳችሁ በኋላ እዚያ ማውጣት አይቻልም።

ማርሽ። ኦቶማቲክ ብላችሁ ለይታችሁ ካልጠየቃችሁ የሚሰጣችሁ ማኑዋል ነው። ኦቶማቲኩ ቁጥሩ ጥቂት፣ ዋጋው ውድ ነው። ባለቤትዎ አዲስ አበባ ላይ በማኑዋል የለመዱ ከሆነ ደግ፣ ብዙ ገንዘብ ያተርፋሉ። እንደዚያም ሆኖ ሃያ ዓመት ኦቶማቲክ የነዳ እግር ዳገት ላይ ምን እንደሚሠራ እሳቸው ያውቃሉ። የቶስካና መንደሮች ሁሉ ኮረብታ ላይ ናቸው።

መጠን። «አምስት ሰው» ተብሎ የተጻፈ መኪና አምስት ሰው እንጂ አምስት ትልቅ ሻንጣ አይይዝም። ሰባት ወንበር ያለው ውሰዱ የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ የኋላው ወንበር ከተዘረጋ ግን ሻንጣ የሚቀመጥበት የለም፤ ስለዚህ አጥፋችሁ ተጠቀሙበት። ከሁሉ የሚሻለው ሻንጣውን መቀነስ ነው። እያንዳንዱ ሰው አውሮፕላን ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ሻንጣ ይያዝ፤ ልብስ መሀል ላይ ፍሎረንስ ታጥባላችሁ፣ በሳንቲም የሚሠሩ ማጠቢያ ቤቶች ሞልተዋል። ቁመቱ ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ የልጅ ወንበር ወይም ከፍ ማድረጊያ ያስፈልገዋል። የስምንት ዓመቱ ልጅ በእርግጠኝነት ያስፈልገዋል። አከራዩ በቀን ሒሳብ ያስከፍላል፤ ከቤት ይዛችሁት ብትሄዱ ይረክሳል።

ኢንሹራንስ። የጣሊያን ኪራይ ላይ የግጭትና የስርቆት ሽፋን ዋጋው ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን «ፍራንኪጃ» የሚባል ከኪሳችሁ የሚከፈል መጠን አለ። ብዙ መቶ ዩሮ፣ አንዳንዴ ከሺህም በላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ይኼን ዜሮ የሚያደርግ ተጨማሪ ሊሸጥላችሁ ይሞክራል። ክሬዲት ካርዳችሁ የኪራይ መኪና ሽፋን ካለው ላያስፈልግ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ለባንካችሁ ደውላችሁ «ጣሊያን ይሸፍናል ወይ? ሰባት ወንበር ያለውን መኪናስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል ላኩልኝ በሉ። ማስያዣው የሚያዘው በክሬዲት ካርድ ነው፤ በዴቢት ብዙ ቦታ አይሆንም። ካርዱ በሹፌሩ ስም መሆን አለበት። በእርስዎ ካርድ ባለቤትዎ ሊረከቡ ቢሄዱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

መኪናውን ስትረከቡ ሳትነዱ ዙሩት፤ መከላከያውን፣ የጎማውን ክብ፣ መስታወቱን በስልክ ቪዲዮ አንሱ። ስትመልሱም እንዲሁ፣ የነዳጁን መርፌ ጨምራችሁ። ነዳጅ ማደያ ላይ ከአሜሪካ የመጣ ሰው የሚሳሳተው «ጋዞሊዮ» የሚለውን አይቶ ነው። ጋዞሊን ይመስላል፤ ናፍጣ ነው። ቤንዚን «ቤንዚና» ነው የሚባለው። በዚያው ማደያ ሠራተኛ የሚቀዳበት ረድፍ ራሳችሁ ከምትቀዱበት ይወደዳል።

የፍጥነት መንገዱ አከፋፈል ልክ እንደ አዲስ አበባ–አዳማ ነው፤ ስትገቡ ካርድ ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ቢጫውን «ቴሌፓስ» የሚለውን መስመር ብቻ ሽሹ፤ እሱ መሣሪያ ለገጠመ መኪና ነው። ፍጥነት 130፣ ዝናብ ካለ 110። ካሜራው በሁለት ቦታ መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት ጭምር ይለካል፤ ካሜራ ሲያዩ ብቻ ቀስ የማለት ብልጠት አይሠራም። ፓርኪንግ ላይ ነጭ መስመር ነፃ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫ ለእናንተ አይደለም።

ቫል ዶርቻ ስትደርሱ በአንድ ቦታ አራቱንም ሌሊት እደሩ። ፒየንዛ ወይም ሞንቴፑልቻኖ አጠገብ «አግሪቱሪዝሞ» የሚሉት የእርሻ ቤት ያዙ፤ ልጆቹ ይቧርቃሉ፣ እናትዎ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ኩሽናም አለው። አንዳንዱ በጁላይ ለሳምንት ካልሆነ አላከራይም ይላል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ባኞ ቪኞኒ የሚባለው መንደር አደባባዩ መሬት ሳይሆን ፍል ውኃ ነው። እዚያው መዋኘት ክልክል ነው፤ ባኞ ሳን ፊሊፖ ግን ጫካ ውስጥ ያለክፍያ እግር የሚነከርበት ፍል ውኃ አለ። ለመኪና የከፈላችሁት ለዚህ ነው፤ ባቡር እዚያ አያደርሳችሁም።

ለረቡዕና ዓርብ ችግር የለም። ፒሳ «ማሪናራ» አይብ የለውም፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። የቶስካና «ሪቦሊታ» የአትክልት፣ የቦሎቄና የዳቦ ሾርባ ነው። አይብ አትነስንሱበት ብላችሁ ማስጠንቀቅ ግን አትርሱ። እናትዎ ከአዲስ አበባ ስንቅ ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም። ሽሮና በርበሬ ያምጡ። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን አይሆንም፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዳያስገባ ይከለክላል። ኤርፖርት ላይ ሲጣል ከማየት ቤት መተው ይሻላል።

መኪናውን በምትመልሱበት ቀን የባቡር ትኬታችሁ ከመመለሻው ሰዓት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይራቅ። ሚላኖ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

በማግስቱ ያለው መንገድ እኔ ከሁሉ የምወደው ነው። ከሚላኖ ቼንትራሌ በኮሞ ሐይቅ ዳር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዛችሁ ቲራኖ ትደርሳላችሁ። ጣቢያው ፊት ለፊት ሌላ ትንሽ ጣቢያ አለ፤ የስዊሶቹ ነው። ከዚያ ቀይ ባቡር ከ429 ሜትር ተነስቶ ሽቅብ የሚያወጣ ጥርስ ያለው ሐዲድ ሳያስፈልገው እየተጠማዘዘ 2,253 ሜትር ይወጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 መዝግቦታል። ሰው ሁሉ ፓኖራማ መስኮት ያለውን በርኒና ኤክስፕረስ ለመያዝ ይሻማል፤ ለእሱ ቦታ ማስያዝና ተጨማሪ መክፈል ግዴታ ነው። በዚያው ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ተራውን ባቡር ያዙ። ማስያዣ የለውም፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ፎቶ ላይ የመስታወት ነጸብራቅ አይገባም፣ ልጆቹ ሲሰለቹ መሀል ላይ መውረድ ይቻላል። ወደ ላይ ስትወጡ «ከፍታው እናቴን ያማት ይሆን?» ብለው እንዳይሰጉ፤ የመንገዱ ጫፍ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ብርዱ ግን ሹራብ ይፈልጋል፣ በጁላይም።

ባቡሩ የሚያበቃባት ሳንክት ሞሪትዝ ማደር ውድ ነው። አጠገቧ ሳሜዳን ወይም ወረድ ብሎ ኩር እደሩ። ከኩር ዙሪክ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ከዙሪክ ፓሪስ፣ «ጋር ደ ልዮን» የሚባለው ጣቢያ ድረስ፣ በቀጥታ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ። ፓስፖርት ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩ። ስዊዘርላንድ ሼንገን ውስጥ ብትሆንም ድንበር ላይ ባቡር ውስጥ ፈታሾች ሊመጡ ይችላሉ።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ከሁሉ በፊት የእናትዎ ቪዛ ነው። አብዛኛው ሌሊት ጣሊያን ስለሆነ የሚያመለክቱት ለጣሊያን ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ለጁላይ 15 ከጃንዋሪ አጋማሽ ጀምሮ ማለት ነው። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳልና አትዘግዩ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ፣ ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ሦስት ወር የሚቆይ ፓስፖርት፣ የሆቴል ማስያዣና ወደ አገር የሚመለሱበትን ምክንያት የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ጡረታም፣ ቤትም፣ ቤተሰብም ሊሆን ይችላል። ወጪውን የምትሸፍኑት እናንተ ከሆናችሁ ደብዳቤና የባንክ ማስረጃ ጨምሩ።

ቪዛው እስኪመጣ የምትይዙት ሁሉ የሚሰረዝ ይሁን፤ ሆቴሉም፣ መኪናውም። መኪና ያለ ቅድመ ክፍያ ተይዞ በነፃ የሚሰረዝበት ብዙ አለ። የማይመለሱትን የባቡር ትኬቶች የምትገዙት ፓስፖርቱ ተመልሶ ቪዛው ከታየ በኋላ ነው። ቀኖቹን አንድ በአንድ አንብቡ፤ ቪዛው ለስንት ቀን እንደሆነና ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ ተጽፎበታል።

የእናንተ በረራ ሮም የሚደርሰው ከእናትዎ በፊት እንዲሆን አድርጉ፤ በአንድ ቀን ከሆነ ደግሞ ሰፋ ያለ ሰዓት ተዉ። ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ አሁን መግቢያው ላይ ፎቶና አሻራ ይሰጣል፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉት ፎቶ ብቻ። ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። እሳቸው ሻንጣቸውን እየገፉ ሲወጡ እናንተ በሩ ላይ ቆማችሁ ጠብቁ።